ከጠመኔ እስከ ምርጫ ካርድ

(በዚህ ንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ከንባቡ በፊት

ተማሪዎች፣ ንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በቤታችሁ ከሚገኙት ዕቃዎች መካከል የአምስቱን ስም በደብተራችሁ ጻፉ። በእያንዳንዱ ዕቃ ስም ትይዩ ዕቃው የሚሰጠውን አገልግሎት አስፍሩ። ዝርዝሩን አትጣሉት፤ ከንባቡ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ንባብ

ቡላኦስ ከጅቡቲ ከተማ ሦስት ኮምዩኖች አንዱ ነው። ከመንደሮቹ ብዙዎቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው፤ አንደኛ ካርቲዬ፣ ሁለተኛ ካርቲዬ እየተባለ ይቀጥላል። ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ መንገዶቹ ጠባብ፣ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ነው። ሶማሌው፣ አፋሩና ዐረቡ፣ እንዲሁም ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ በባቡር ወርዶ በዚያው የቀረው ሐበሻ ጎን ለጎን ይኖሩበታል። ጠዋት በዚያ የሚያልፍ ሰው የሚያየው በሌላ ከተማ ከሚታየው እምብዛም አይለይም። አንዲት ሴት ደጇን በመጥረጊያ ትጠርጋለች፤ ሌላይቱ የሻይ ሲኒ ታጥባለች፤ ፀሐዩን ለመከላከል ጃንጥላ የዘረጉ እናት በዝግታ ያልፋሉ፤ ልጆችም በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሥለው ይዘላሉ።

መጥረጊያ፣ ሲኒ፣ ጃንጥላ፣ ጠመኔ። እነዚህን ዕቃዎች ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ንቀው ያልፏቸዋል። ስለ ጦርነት የሚጽፍ ሰው ጎራዴውንና መድፉን ያነሣል፤ ስለ ሕግ የሚጽፍም ብራናውንና ማኅተሙን ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ ሴቶች በምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ባልነበራቸው ዘመን፣ መብቱን ለማግኘት በፈቃዳቸው ያለ ደመወዝ የሠሩት ሴቶች በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ይኸው የቤት ዕቃ ነበር። ንባባችን ስለ እነዚህ ዕቃዎችና ስለ ባለቤቶቻቸው ነው። ከቡላኦስ ተነሥተን ወደ ሩቅ አገር እንሄዳለን፤ ከዚያ በአዲስ አበባ በኩል አድርገን ወደ ቡላኦስ እንመለሳለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንመርምር። አንድ ሰው መብቱ በተነካ ጊዜ ወደ ሸንጎ ሄዶ አቤት ይላል። ሰሚ ቢያጣ በምርጫ ጊዜ ተወካዩን ይለውጣል። ድምፅ የሌለው ሰው ግን ተወካዩን የሚያሠጋበት ምንም ነገር የለውም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የሴቶች ችግር ይህ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1870 እና በ1882 የወጡት ሕጎች እስኪደርሱ ድረስ ባለትዳር ሴት ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ እንኳ በሕግ የባሏ ገንዘብ ነበር። ገንዘብ የሌለው፣ በምክር ቤት ወንበር የሌለው፣ ድምፅም የሌለው ወገን ጥያቄውን ለማሰማት ምን ይይዛል? በእጁ ያለውን ይይዛል።

የመጥረጊያው ታሪክ የሚጀምረው ከኒውዚላንድ ነው። በዚያ አገር ኬት ሼፐርድ የተባሉት ሴትና ጓደኞቻቸው ከቤት ወደ ቤት፣ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞሩ ለሴቶች የመምረጥ መብት እንዲሰጥ የሚጠይቅ ፊርማ ያሰባስቡ ነበር። በ1893 የቀረበው ትልቁ አቤቱታ ከ500 በሚበልጡ ወረቀቶች ላይ የተፈረመ ነበር። ወረቀቶቹ ጫፍ ለጫፍ በሙጫ ተጣብቀው ርዝመቱ ወደ 270 ሜትር የሚደርስ አንድ ጥቅል ሆኑ። ይህን የሚያህል ወረቀት የሚጠቀለልበት እንጨት ያስፈልግ ስለ ነበር የመጥረጊያ እጀታ ቁራጭ ተወሰደ። ጥቅሉን ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ጆን ሆል የተባሉት አባል በአዳራሹ መካከል ሲለቁት እየተተረተረ ሄዶ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር እንደ ተላተመ ይነገራል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 19 ቀን ሕጉ ጸደቀ፤ ኒውዚላንድም ሴቶች ሁሉ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡባት የመጀመሪያይቱ ራሷን የምታስተዳድር አገር ሆነች። ሥራሽ ቤት መጥረግ ነው ስትባል የኖረችው ሴት ጥያቄዋን በመጥረጊያ እንጨት ጠቅልላ ላከች።

በእንግሊዝ አገር መንገዱ ከዚህ ይልቅ ረጅምና መራራ ነበር። በኦክቶበር 1903 ወይዘሮ ኤምሊን ፓንክኸርስት በማንቸስተር ከተማ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ጥቂት ሴቶችን ሰብስበው የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። መፈክራቸው «ቃል ሳይሆን ሥራ» የሚል ነበር። ከልጆቻቸው መካከል ክሪስታቤል ሕግ፣ ሲልቪያ ደግሞ ሥዕል የተማሩ ነበሩ። የሲልቪያን ስም በተለይ ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ በአገራችን እናገኛቸዋለን።

የኅብረቱ በጎ ፈቃደኞች የመጀመሪያው መሣሪያ ጠመኔ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለጋዜጣ ማስታወቂያ ገንዘብ ይከፈላል፤ ለጠመኔ ግን የሚወጣው ከቁጥር አይገባም። ሴቶቹ ማልደው ይወጡና የስብሰባውን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በእግረኛ መንገዱ ድንጋይ ላይ ይጽፉ ነበር። ዝናብ ይመጣና ያጥበዋል፤ በማግስቱ እንደገና ይጻፋል። ጎንበስ ብላ የምትጽፈውን ሴት መንገደኛው አንዳንዴ ይሰድባት፣ አንዳንዴም ቆሞ ያነብላት ነበር። ይህን ንባብ ያዘጋጀው መምህር ዕድሜውን ከጠመኔ ጋር ያሳለፈ ስለ ሆነ ከዕቃዎቹ ሁሉ ለጠመኔ ቢያዳላ አይፈረድበትም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውም ቢሆን በየዕለቱ የሚጠፋ ነው።

ከጠመኔ ቀጥሎ የእጅ ደወል ነበረ። በጎ ፈቃደኛዋ በመንገድ ማእዘን ቆማ ደወሏን እያንቃጨለች ሕዝቡን ትሰበስባለች፤ ከዚያ በወንበር ወይም በሣጥን ላይ ወጥታ ትናገራለች። ኅብረቱ «ድምፅ ለሴቶች» የተባለ ጋዜጣ ባወጣ ጊዜ ደግሞ ሴቶቹ ጋዜጣውን በከረጢት ይዘው በየመንገዱ መሸጥ ጀመሩ። በእግረኛ መንገድ ላይ የቆመችን ሻጭ መተላለፊያ ዘግተሻል ብሎ ፖሊስ ሊያስራት ይችል ነበር። ስለዚህ ከእግረኛው መንገድ ወርደው በቦዩ ጠርዝ፣ ከጋሪና ከፈረስ አጠገብ፣ በጭቃ ውስጥ ቆመው ይሸጡ ነበር። በዝናብም ሆነ በፀሐይ የሚዘረጉት ጃንጥላ እንኳ ማስታወቂያ ሆነ። ጽሑፍ የተለጠፈባቸውን ጃንጥላዎች ይዘው በሰልፍ ሲያልፉ ከሩቅ ይነበብ ነበር።

በ1908 ኅብረቱ ሦስት ቀለሞች መረጠ፤ ለክብር ሐምራዊ፣ ለንጽሕና ነጭ፣ ለተስፋ አረንጓዴ። በእነዚህ ቀለሞች ያጌጡ የትከሻ መቀነቶች፣ የባርኔጣ ጥብጣቦችና የደረት ቁልፎች ተሠሩ። የቀለሞቹን ጥቅም እኛ ኢትዮጵያውያን ለመረዳት አንቸገርም። የነጠላን ጥለት አይቶ የአገሩን ሰው የሚለይ ሕዝብ፣ አንድ ቁራጭ ጥብጣብ ምን ያህል እንደሚናገር ያውቃል። ሐር የለበሰች ባለጸጋም ሆነች በፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ያቺን ጥብጣብ ሰክተው በአንድ ሰልፍ ይቆሙ ነበር። በጁን 21 ቀን 1908 በለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው ሰልፍ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝቶ ነበር።

አሁን ስለ ሲልቪያ ፓንክኸርስት እንናገር። ሲልቪያ በ1882 በማንቸስተር ተወለዱ። የሥዕል ትምህርታቸውን በዚያው በማንቸስተርና በለንደን በሚገኘው የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተከታተሉ። ሠዓሊ ሆነው በሰላም ለመኖር ይችሉ ነበር፤ ሆኖም ችሎታቸውን ለእናታቸው ኅብረት ሰጡ። የኅብረቱን የአባልነት ካርድ የሣሉት እሳቸው ናቸው። በካርዱ ላይ የሚታዩት እመቤቶች አልነበሩም፤ ሽርጥ የታጠቁ፣ ሻል የተከናነቡ፣ የእንጨት ጫማ ያደረጉ፣ ባልዲ ያንጠለጠሉ የሥራ ሴቶች እንጂ። በ1907 በእንግሊዝና በስኮትላንድ እየተዘዋወሩ ሰንሰለት የሚቀጠቅጡትን፣ ጫማ የሚሰፉትንና በጥጥ ፋብሪካ የሚሠሩትን ሴቶች ከሥራቸው ላይ ሣሏቸው።

በሜይ 1909 ኅብረቱ በለንደን ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፈተ። የአዳራሹን ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች በሲልቪያ የተነደፉ ነበሩ። በውስጡ የሻይ ቤት ነበረ፤ ሻዩም የሚቀርበው ለዚሁ ተብለው በተሠሩ ነጭ የሸክላ ሲኒዎች ነበር። በእያንዳንዱ ሲኒ ላይ መለከት የምትነፋ መልአክ ተሥላበታለች፤ ይህም የሲልቪያ ሥራ ነው። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ሲኒዎቹ ተሸጡ፤ ከኤግዚቢሽኑ በጠቅላላ ከ5,000 ፓውንድ በላይ ተገኘ። ገንዘቡ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሲኒውን ገዝታ ቤቷ ያስገባች ሴት እንግዳ በመጣ ቁጥር ሻይ ትቀዳለች። እንግዳውም ሲኒውን ሲያነሣ መልአኳን ያያል፤ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በአደባባይ ለመናገር የምታፍር ሴት በራሷ ጠረጴዛ ዙሪያ መናገር አይቸግራትም። በእኛ አገር ጎረቤት ለቡና ሲጠራራ ስንት ጉዳይ ተመክሮበት እንደሚነሣ የሚያውቅ ሁሉ የሲኒውን ኃይል አይጠራጠርም።

የትግሉ ሌላው ገጽ ወኅኒ ቤት ነበር። ታስረው ለነበሩት ሴቶች ሲልቪያ አንድ የደረት ጌጥ ነደፉ። ጌጡ የምክር ቤቱ ምልክት የሆነውን የብረት ፍርግርግ በር የሚመስል ሲሆን፣ በላዩ ላይ በሦስቱ ቀለሞች የተሠራ የፍላጻ ጫፍ ነበረበት። ፍላጻው በእስረኞች ልብስ ላይ የሚታተም የመንግሥት ንብረት ምልክት ነበር። ያሳፍራል ተብሎ የታተመባቸውን ምልክት አንሥተው በደረታቸው ላይ ሰኩት። በ1912 በሆሎዌይ ወኅኒ ቤት የነበሩ ሴቶች ደግሞ ስማቸውን በአንድ መሐረብ ላይ በመርፌና በክር ጠለፉ። በመሐረቡ ላይ ከ60 በላይ ስሞች ይገኛሉ፤ መሐረቡም እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይኖራል።

በዚያው በ1912 በማርች ወር ግን ሌላ ዕቃ ወጣ። ይህም ደረቅ ከረሜላ የሚሰበርበት ትንሽ መዶሻ ነው። ሴቶቹ መዶሻውን በእጅ ቦርሳቸውና በእጅጌያቸው ሸሽገው ወደ ለንደን ታላላቅ ሱቆች ሄዱና በአንድ ጊዜ የመስኮቶቹን መስተዋት ሰበሩ። ከ200 በላይ ሴቶች ታሰሩ። ስለዚህ ድርጊት የተሰጠው አስተያየት በዚያን ጊዜም አንድ አልነበረም። ሚሊሰንት ፎሴት የሚመሩት ሌላው ትልቅ የሴቶች ማኅበር ከሕግ ሳይወጣ በአቤቱታና በሰላማዊ ሰልፍ ብቻ ይሠራ ስለ ነበር መዶሻውን አጥብቆ ተቃወመ። የመዶሻው ደጋፊዎች ደግሞ አርባና ሃምሳ ዓመት በአቤቱታ ተጠይቆ ያልተሰጠ ነገር በአቤቱታ አይገኝም ይሉ ነበር። ለሁለቱም ወገን የሚባል አለ። የዚህ ንባብ አዘጋጅ ግን አንድ ነገር ለመናገር ይወድዳል። መስተዋቱ የተሰበረበት ባለሱቅ ሴቶችን ከምርጫ የከለከለውን ሕግ ያወጣው ሰው አልነበረም። ጠመኔና ሲኒ ማንንም ሳይጎዱ ብዙ ሰው አሳመኑ፤ መዶሻው የሰማውን ሁሉ አስደነገጠ፤ ያሳመነው ሰው ብዛት ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ሲልቪያ ራሳቸው ከእናታቸውና ከእኅታቸው እየራቁ ሄዱ። ምክንያቱም እሳቸው ትግሉ በምሥራቅ ለንደን ድሆች መንደር፣ በሠራተኞቹ ሴቶች መካከል እንዲቆም ስለ ፈለጉ ነው። በ1914 መጀመሪያ ከኅብረቱ ተለዩ። ብዙ ጊዜ ታስረዋል፤ በእስር ቤትም ምግብና ውሃ፣ ጭምር እንቅልፍም በመተው ተቃውሟቸውን ገልጸዋል። በ1913 የወጣው ሕግ በረኃብ የደከመችውን እስረኛ ለጥቂት ቀን ፈትቶ፣ ስታገግም እንደገና ለማሰር የሚፈቅድ ነበር፤ ሕዝቡም የድመትና የአይጥ ሕግ ብሎ ሰየመው። በጁን 1914 ሲልቪያ መራመድ እስኪያቅታቸው ደክመው ሳለ ጓደኞቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ምክር ቤቱ በር አደረሷቸው። ጥያቄያቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምሥራቅ ለንደንን የሥራ ሴቶች ተቀብለው እንዲያነጋግሩ ነበር። አስኲዝ የተባሉት ጠቅላይ ሚኒስትር በመጨረሻ ስድስት ሴቶች ሊቀበሉ ተስማሙ። ቃሬዛ በእኛ ገጠር ሕመምተኛ ወደ ሐኪም የሚደርስበት ዕቃ ነው፤ በዚያ ቀን አቤቱታ ደረሰበት።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲነሣ በምሥራቅ ለንደን የእህል ዋጋ ናረ፤ ብዙዎች ከሥራ ተባረሩ። የሲልቪያ ማኅበር ጠመኔውን አስቀምጦ ድስት አነሣ። ርካሽ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ፤ ለዐዋቂ ሁለት ፔኒ፣ ለሕፃን አንድ ፔኒ፣ ለሌለው ደግሞ በነፃ። «የጠመንጃ ሠሪዎች» የሚል ስም የነበረው አንድ የመጠጥ ቤት ተወስዶ የሕፃናት መዋያና ማከሚያ ሆነ፤ ስሙም ወደ እናቶች ተለወጠ። በ1918 የእንግሊዝ ምክር ቤት ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ ለሆነና የንብረት መስፈርቱን ላሟሉ ሴቶች ድምፅ ፈቀደ። ከወንዶች ጋር እኩል፣ ከ21 ዓመት ጀምሮ እንዲመርጡ የተፈቀደው ግን ገና በ1928 ነው።

የሲልቪያ ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚጋጠመው ከዚህ በኋላ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በአውሮፓ ለኢትዮጵያ ከተከራከሩት ጥቂት ሰዎች አንዷ ሆኑ። የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ በገባበት በሜይ 5 ቀን 1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣቸውን ጀመሩ፤ ለሃያ ዓመትም አወጡት። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ትንሽ ጋዜጣ፣ በጎ ፈቃደኞች ሻጮች፣ ስብሰባና አቤቱታ። በጭቃ ላይ ቆሞ ጋዜጣ መሸጥን የተማረ ትውልድ ትምህርቱን አልረሳም ነበር። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ሆስፒታሉም በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1956 ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር መጥተው በአዲስ አበባ ተቀመጡ፤ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ መጽሔትም አቋቋሙ። በሴፕቴምበር 27 ቀን 1960 አርፈው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ሲልቪያ ወደ አዲስ አበባ ከመምጣታቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1955፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታውጆ ነበር። ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያውያን፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጡ የፈቀደው ይህ ሕግ ነው። በኢትዮጵያ ለሴቶች ድምፅ ተብሎ መስተዋት አልተሰበረም። መብቱ ከላይ ወደ ታች በአዋጅ የወረደ ነው። ይሁን እንጂ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበር ማለት አይደለም። በ1935 የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር አባላት ጦርነቱ ሲቃረብ ለዘማቹ የቁስል ማሰሪያና ከጨርቅ የተሰፋ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል አዘጋጅተዋል። መርፌና ክር በሆሎዌይ ስም ጠለፈ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ሕይወት ለማትረፍ ተሰፋ።

አዋጁ አንድ መሰናክልም ነበረበት። ለምክር ቤት አባልነት የሚወዳደር ሰው በሚወዳደርበት አካባቢ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። መሬትና ቤት አብዛኛውን ጊዜ በወንድ ስም በሚያዝበት አገር ይህ ቃል የስንቷን ሴት ደጅ እንደ ዘጋ መገመት አያዳግትም። በ1957 የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ ይህን ሁሉ አልፈው የተመረጡት ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ በስዊዘርላንድ ተምረው፣ በጠላት ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተግዘው፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ ናቸው። ከጠመኔ ወደ ምክር ቤት የተሻገሩ መምህርት እንደ ነበሩ ልብ በሉ። ወደ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል።

ወደ ቡላኦስ እንመለስ። ጅቡቲ በዚያን ዘመን የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ትባል ነበር። ፈረንሳይ ለራሷ ሴቶች ድምፅ የሰጠችው በ1944 በወጣ ድንጋጌ ነው። በጅቡቲ ያሉ ሴቶች መብቱን ያገኙት በ1946፣ በቅኝ ግዛቶቹ ለሚኖሩ ሰዎች ዜግነት በተፈቀደበት ዓመት ነው። ሁሉም ያለ ልዩነት ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት የተዘረጋው ግን ከ1956ቱ ሕግ በኋላ ነው።

በፈረንሳይ የምርጫ ሥርዓት መራጩ ካርዱን አሳይቶ፣ ኤንቬሎፕና የተወዳዳሪዎቹን ወረቀቶች ይወስዳል። ከመጋረጃ ኋላ ይገባና የመረጠውን ወረቀት በኤንቬሎፑ ውስጥ ከትቶ ወጥቶ በሣጥኑ ውስጥ ይጨምራል። ኤንቬሎፑና መጋረጃው በፈረንሳይ በ1913 በሕግ የተደነገጉ ናቸው። መጋረጃ በብዙ ቤቶች ሴትን ከሰው ዓይን ለመሸሸግ የሚዘረጋ ጨርቅ ነው። በምርጫ ጣቢያ ያለው መጋረጃ ግን ባልም ሆነ ወንድም፣ ባላባትም ሆነ ሹም ተከትሎ የማይገባበት ቦታ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ሆና ስለ አገር ጉዳይ የምትወስንበት፣ ስፋቱ አንድ ክንድ የማይሞላ ክፍል።

ካርዱ በጅቡቲ ከፍ ያለ ዋጋ ነበረው። ሕዝቡ በ1958፣ በ1967 እና በ1977 ከፈረንሳይ ጋር ለመቆየት ወይም ለመለየት ድምፅ እንዲሰጥ ተጠርቷል። በተለይ በማርች 1967 የተደረገው ውሳኔ ሕዝብ እጅግ ያወዛገበ ነበር። ብዙ ሶማሌዎች የዚህ አገር ሰዎች አይደላችሁም ተብለው ከአገር ተባርረዋል፤ ከተማይቱም በሽቦ አጥር ተከበበች። ወረቀት የሌለው ወደ ከተማ እንዳይገባ በመከልከሉ ከአጥሩ ማዶ የሰፈረው ሕዝብ ባልባላ የሚባለውን ሰፈር አበዛው። በዚያን ጊዜ በአንዲት የቡላኦስ እናት ሣጥን ውስጥ ከወርቋ ይልቅ በጥንቃቄ የሚቀመጠው ወረቀቷ ነበር ቢባል አያስደንቅም። በሜይ 8 ቀን 1977 የተሰጠው ድምፅ ነፃነትን መረጠ፤ በጁን 27 ቀን ጅቡቲ ነፃ አገር ሆነች። በዚያው ዓመት የጅቡቲ ሴቶች ብሔራዊ ኅብረት ተቋቋመ።

ካርዱ በእጅ ከገባ በኋላ ወንበሩ ብዙ ዘገየ። ሐዋ አሕመድ ዩሱፍ በ1999 ሚኒስትር ሲሆኑ ይህን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያይቱ ጅቡቲያዊት ናቸው። በምክር ቤቱ ውስጥ ግን ያን ጊዜም አንዲት ሴት አልነበረችም። በ2002 የወጣው ሕግ ቢያንስ ከመቶ አሥሩ ወንበር የሴቶች እንዲሆን ደነገገ፤ በጃንዋሪ 2003 በተደረገው ምርጫም ከ65ቱ ወንበሮች 7ቱን ሴቶች ያዙ። ድርሻው በ2018 ወደ 25 በመቶ ከፍ አለ።

የቃላት ፍቺ

ጥለት — በነጠላ ወይም በቀሚስ ጠርዝ የሚሸመን ባለቀለም ጌጥ
ቃሬዛ — ሕመምተኛ የሚተኛበት መሸከሚያ
ፍርግርግ — በብረት ወይም በእንጨት ተሰባጥሮ የተሠራ መከለያ
ውሳኔ ሕዝብ — አንድ ጉዳይ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርብበት ሥርዓት
ድንጋጌ — በሕግ የተወሰነ ቃል

ጥያቄዎች

1. የጋዜጣ ሻጮቹ ከእግረኛ መንገድ ወርደው በቦዩ ጠርዝ የቆሙት ለምንድን ነው?
2. በእስረኞች ልብስ ላይ የነበረው ፍላጻ በደረት ጌጥ ላይ ሲደረግ ትርጉሙ እንዴት ተለወጠ?
3. አዘጋጁ ስለ መዶሻው የሰጠው አስተያየት ምንድን ነው? ትስማማላችሁን? የሚሊሰንት ፎሴትን ወገንና የመዶሻውን ደጋፊዎች ሐሳብ እያነጻጸራችሁ በክፍል ውስጥ ተከራከሩ።
4. በጅቡቲ ሴቶች የመምረጥ መብት ካገኙበት ዓመት አንሥቶ በምክር ቤት ወንበር እስከ ያዙበት ዓመት ድረስ ስንት ዓመት አለፈ? በኢትዮጵያስ ከሕገ መንግሥቱ እስከ ወይዘሮ ስንዱ መመረጥ? ልዩነቱ ከምን የመጣ ይመስላችኋል?
5. ከንባቡ በፊት ከጻፋችሁት ዝርዝር አንዱን ዕቃ ምረጡ። ያ ዕቃ በሰፈራችሁ ያለን አንድ ችግር ለሰሚ ለማድረስ እንዴት ሊያገለግል እንደሚችል ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ድርሰት ግለጹ።